ሰርቪሷ የደረሰ ማርቸዲስ

ደሬሳን ከማርቸዲሷ ስር ጎትተው ሲያወጡት እጁ ንጹሕ ነበር። ደረቱ እንዳልነበረ ሆኗል፤ አፉ ደም ሞልቷል፤ እጁ ግን ሠርግ የተጠራ ሰው እጅ ይመስላል። የፖሊስ መቶ አለቃዋ ሸዋረገጥ ጎንበስ ብላ አንዱን መዳፍ ገለበጠች፤ ሌላውንም ገለበጠች።

ነሐሴ 1976፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ግቢው የቡና ድርጅት ነው፤ ከውርስ አዋጁ በፊት የሐጂ ሸምሰዲን ነበር። መጋዘኑም፣ የቡና መፈልፈያውም፣ ይቺ ጥቁር ማርቸዲስም የሳቸው ነበሩ። ሐጂ ንብረታቸው በተወረሰ በዓመቱ ሞቱ። ደሬሳ የሳቸው ሾፌር ነበር፤ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ተወረሰ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሁን ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍስሐ ናቸው።

አቶ ፍስሐ ጃንጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሰርቪሷ ደርሶ ነበር» አሉ። «ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዲስ አበባ መግባት አለባት። ሰኞ ወስደን እዚያው ሰርቪስ እናስደርጋታለን ብዬው ነበር። እሱ ግን ችኩል ነው። ዘይቷን እዚሁ ልቀይር ብሎ ገባ፤ ክሪኩ ከዳው።»

«ሲገባ አይተውታል?»

«የት አይቼው! ቢሮዬ ነበርኩ።»

ሸዋረገጥ ዓይኗን በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ አንከራተተች። ክሪኩ ወድቋል። የፊት ጎማው ተፈቶ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ፖሊሶቹ ሬሳውን ለማውጣት መኪናዋን ሲያነሡ መልሰው አሰሩት። ዘይት የያዘ ሳፋ ወደ ጎን ተስቧል። ከሳፋው አጠገብ ዘይቱ የሚፈስበት ቀዳዳ መዝጊያ፣ አውራ ጣት የምታህል ቡሎን ወድቃለች። አነሣቻትና ኪሷ ከተተቻት። ሬሳው የተኛበት ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ በጭቃ እግር የተረገጠ ሲሚንቶ። ከግድግዳው ማዶ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተከምሯል።

ከዚያ የደሬሳን ጭንቅላት በሁለት እጇ ያዘች። ከጆሮው ኋላ፣ አጥንቱ እንደ በሰለ ፓፓያ ተሰርጉዷል።

«ይሄ ሰው መኪና አልወደቀበትም» አለች ቀና ብላ። «መኪና ጣሉበት። ሰው ነው የገደለው።»

ይህን ጮክ ብላ መናገር አልነበረባትም። ጓድ ዘለቀ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ጓድ ዘለቀ የአውራጃው ካድሬ ነው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጭቃ ላይ ሲራመድ እንደ ድመት እግሩን የሚያራግፍ። ወዲያው ሰዎቹን አሰማርቶ ግቢውን አስፈተሸ። ከቡና መፈልፈያው ኋላ ደምና ፀጉር ያለበት የጎማ መፍቻ ተገኘ።

«የማን ነው?»

ዘበኛው «አቦ፣ እኔ ምን አውቄ» አለ መጀመሪያ። ሁለተኛ ሲጠየቅ የመካኒኩ የሙሐመድሳኒ መሆኑን ተናገረ። ሙሐመድሳኒ ከከተማ መጥቶ መፈልፈያውን ሲጠግን የዋለ ሰው ነው። ከአዋጁ በፊት የሐጂ ሸምሰዲን መካኒክ ነበር።

«በቃ!» አለ ዘለቀ። «የአድሃሪ አሽከር፣ በበዓላችን ዋዜማ፣ የድርጅት ሾፌር! ንጹሕ አሻጥር ነው።»

«ጓድ፣ ገና አልመረመርኩም።»

«መርምሪያ! ማን ከለከለሽ? ሰኞ ጠዋት ግን ወደ አዲስ አበባ እልከዋለሁ።»

ከጅማ እንዲህ የተላኩ ሰዎች ነበሩ። ተመልሶ ሲመጣ የታየ ግን የለም። ሸዋረገጥ ይህን ታውቃለች። ገዳይ አለ ያለችው እሷ ናት፤ እንግዲህ ሰኞ ሳይነጋ ትክክለኛውን ካላመጣች ሙሐመድሳኒን በምላሷ ገደለችው ማለት ነው።

ግቢው ውስጥ ማን ነበር? መልሱ ቀላል ነው። ሠራተኛው በሙሉ ለሰልፍ ልምምድ ስታዲየም ሄዷል። ዘበኛው ከውጭ በሩ አልተነቃነቀም፤ የገባም የወጣም የለም። የቀሩት አቶ ፍስሐ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ መንበረ፣ መካኒኩ ሙሐመድሳኒና ከቡና ለቃሚዎቹ አንዷ ዙቤይዳ ናቸው። ዙቤይዳ የሐጂ ሸምሰዲን ልጅ ናት። በአባቷ መጋዘን፣ የአባቷ ወንበር በነበረበት ጥግ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ የቡና ጉድፍ ትለቅማለች።

እሑድ ጠዋት ሸዋረገጥ ቆልፋ ወዳሳደረችው የመኪና ማቆሚያ ብቻዋን ገባች። ቅዳሜ የከደነችበትን ጆንያ ከሳፋው ላይ ገለጠችና ጣቷን ዘይቱ ውስጥ ነከረች።

ባሏ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። በትዳር የኖረችው እድሜ የሱን ቱታ ስታጥብ ያለቀ ነው። የተቃጠለ ዘይት ምን እንደሚመስል ጥፍሯ ያውቀዋል፤ ሬንጅ ነው፣ ሳሙና አይለቀውም። ከሳፋው ያወጣችው ጣቷ ግን የሚያብረቀርቀው እንደ ማር ነው። መሐረቧ ላይ ጠረገችው። ቢጫ ሆኖ ቀረ።

«አንተ ደሬሳ» አለች ለሌለው ሰው። «ዘይት ከሰው ነፍስ በተወደደበት ዘመን፣ አዲስ ዘይት አፍስሰህ ምን ልታስገባ ነበር?»

የኋላውን ሻንጣ ማስቀመጫ ከፈተች። ምንጣፉን አንሥታ የትርፍ ጎማውን ቦታ ዳሰሰች። ጎማ የለም። ጥሬ ቡና፣ እፍኝ የማይሞላ፣ በየስንጥቁ ተሰግስጓል። በዚያ ጊዜ አንድ ኪሎ ቡና ይዞ ኬላ የተያዘ ሰው እስር ቤት ያድር ነበር። የሥራ አስኪያጅን ማርቸዲስ ግን ማን ይፈትሻል?

ከዚያ ወደ መንበረ ሄደች። መንበረ አራት ልጅ ያላት ባልቴት ናት። ቁልፎቿን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ እንደ ዶሮ ተኮራምታ ጠበቀቻት።

«እትዬ መንበረ፣ እዚህ ቤት ዕቃ እንዴት ነው የሚወጣው?»

«በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ነዋ። ደግሞ አሮጌውን ያላመጣ አዲሱን አይወስድም። አለዚያማ አዲሱን ገበያ ወስደው ይሸጡታል፣ የኔ እመቤት።»

የተመለሱት አሮጌ ዕቃዎች ከበሩ ጀርባ ባለ መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። አንዱ ብቻ አቧራ የለውም። አጠር ያለ የዘይት ፊልትሮ ነው፤ ከስሩ እንጨቱ ላይ ጥቁር ዘይት ገና ይወርዳል።

«ይሄስ?»

«የጭነት መኪና ነው።»

«የጭነት መኪና ይህን የምታክል ፊልትሮ ምኗን ታጣራበታለች? እንባዋን?»

መንበረ አልሳቀችም። ቁልፎቿን ጭብጥ አደረገች። «ልጆቼን አስቢልኝ» አለች ብቻ። ሸዋረገጥ ሌላ አልጠየቀችም።

ዙቤይዳና እናቷ የሚኖሩት ከአባቷ ትልቅ ቤት በቀረችላቸው አንዲት ክፍል ነው፤ ሌላውን ቀበሌው አከራይቶታል። ዙቤይዳ ሻርፗን ጎትታ ከደፉ ላይ ቆመች።

«ለምን ሰልፍ አልሄድሽም?»

«ትተውኝ ሄዱ። እግርሽ ከሰፊው ሕዝብ እግር እኩል አይነሣም አሉኝ።»

«ለለቀማ ሲሆንስ እጅሽ እኩል ይነሣል?»

«ለሱ ከሁሉም ይፈጥናል አሉ» አለች፤ ፈገግ ልትል ነበር፣ ተወችው።

«ቅዳሜ ምን ሰማሽ?»

«ሂን ቤኩ። አላውቅም። ዝናብ ነበር። ወላሂ ዝናብ ብቻ ነው የሰማሁት።»

በሩ አጠገብ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውኃ የያዘ ጣሳ አለ። የውጭ አገር የሞተር ዘይት ጣሳ ነው፤ ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ዝገት አልነካውም። እንዲህ ያለ ዘይት ገበያ ላይ ከታየ ዓመታት አልፈዋል። ዙቤይዳ የመቶ አለቃዋን ዓይን ተከትላ ጣሳውን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋች አደረገችው።

«ጥሩ ጣሳ ነው» አለች ሸዋረገጥ።

«አባቴ የተወልኝ ነው።»

«ሌላስ ተወልሽ?»

ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። ከውርስ የተደበቀ ንብረት ምን እንደሚያስከትል ከሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ እስር ቤት ቀድሞ የነጋዴ እህል ቤት ነበር፤ አሁንም የነቀዝ ሽታ አለው። ሙሐመድሳኒ ግድግዳ ተደግፎ ቀኝ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ይዟል። ሸሚዙ ደርቆ ጠንክሯል።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«ጠየቁኝ» አለ። «ጣቶቼን በሩ መቃን ላይ አድርገው፣ በሩን እየዘጉ ነው የጠየቁኝ።»

ሸዋረገጥ ሸሚዙን አልገለጠችውም። ማየት አልፈለገችም።

«መፍቻው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ዕቃዬን መፈልፈያው ጋ ትቼ ልሰግድ ወደ ጓሮ ሄድኩ።»

«ማን አየህ?»

«አላህ።»

«እሱን ለምስክርነት አንጠራውም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የማርቸዲሷን ዘይት ማን ቀየረው?»

ጣቱ ላይ በር ሲዘጉበት ያልደነገጠውን ያህል ደነገጠ። «ስለ አላህ፣ መቶ አለቃ! ይህን ጥያቄ ሰው ፊት አይጠይቁብኝ።»

«ለምን?»

«ደሬሳ ሞቷል። እኔም እንግዲህ ያው ነኝ። ገና ያልሞተ ሰው አለ።»

ስትወጣ የእስር ቤቱ ዘበኛ በሩን ከኋላዋ ዘጋው። በሩ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማች።

በመጨረሻ አቶ ፍስሐ ቤት ሄደች። በክብር ተቀበሏት፤ ወንበር ሳቡላት።

«ሻይ ይምጣልሽ? በእሑድ ቀን ደከምሽ እኮ።»

«ማርቸዲሷን ሰርቪስ የሚያስደርጓት በየስንት ጊዜው ነው?»

«በየሁለት ወሩ። እኔ በመኪና ቀልድ አላውቅም።»

«በየሁለት ወሩ? የባሌ ኤንትሬ እንኳ ጅማን ከአሰብ ስታገናኝ በዓመት ሁለቴ ነበር።»

አቶ ፍስሐ ሳቁ። «ኤንትሬና ማርቸዲስ! የአንድ ጊዜ ሰርቪሷ ዋጋ ስንት እንደሆነ ብታውቂ፣ ያቺ ለቃሚ ዓመቱን ሙሉ ብታጎነብስ አትከፍለውም። ውድ ነገር ውድ አያያዝ ይፈልጋል። ሰዓቷ ሲደርስ አዲስ አበባ፤ ሌላ ሰው አይነካትም። እዚህ ያለው መካኒክ ሁሉ ቀጥቃጭ ነው።»

«አሁንም ሰዓቷ ደርሶ ነበር?»

«ደርሶ አልፏል አልኩሽ እኮ። ዘይቷ ጭቃ ሆኗል ብሎ ሲነዘንዘኝ የከረመው ራሱ ሟቹ ነው።»

«ራስዎ ኮፈኗን ከፍተው አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ?» እጃቸውን ዘረጉላት፤ ለስላሳ፣ ጥፍሩ የተከረከመ እጅ። «ይሄ እጅ ኮፈን የሚከፍት ይመስልሻል?»

«አይመስልም» አለች። ሻይዋን ሳትጠጣ ተነሣች።

ያን ምሽት ሬሳውን የመረመረው ሰው መልእክት ላከላት። ጭንቅላቱ ላይ ያረፈው ምት አልገደለውም። ደሬሳ መኪናዋ ስትወድቅበት ይተነፍስ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዝናቡ አላቆመም። ጓድ ዘለቀ ለመንገዱ ሞቅ ያለ ካፖርት ለብሷል። አቶ ፍስሐ ከጎኑ ናቸው። መንበረና ዙቤይዳ ጆንያው ላይ፣ አንዳቸው ከሌላቸው ርቀው ተቀምጠዋል። ሙሐመድሳኒን ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አመጡት፤ ደጅ የቆመችው ላንድሮቨር እሱን ነው የምትጠብቀው። ዙቤይዳ እጁን አየችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«አሳጥሪው» አለ ዘለቀ።

«አሳጥራለሁ፣ ጓድ።» ሸዋረገጥ ሳፋውን ጎትታ መሃል ላይ አደረገችው። «መጀመሪያ ስለ ደሬሳ። ዘይት ሊቀይር ከመኪና ስር የሚገባ ሾፌር ኮቱን አውልቆ ቱታ ይለብሳል። ይሄ ኮቱን ለብሷል። ጆንያ ያነጥፋል። ይሄ አገሩ ሁሉ ጆንያ ሆኖ ሳለ በጭቃ ላይ ተኝቷል። ቡሎን የፈታ ሰው እጁ ዘይት ይነካዋል፤ የሱ ግን ንጹሕ ነው። ደግሞም ዘይት ለመቀየር ጎማ አይፈታም። ጎማው የተፈታው መኪናዋ ስትወድቅ ደረቱ ላይ እንድታርፍ ነው።»

«እሱን እኮ ተስማምተናል» አለ ዘለቀ። «ይሄ መካኒክ ገደለው።»

«ቆይ ጓድ። ገዳዩ ይህን ሁሉ ያዘጋጀው፣ ደሬሳ ዘይት ሲቀይር ሞተ እንድንል ነው። እንግዲህ ገዳዩ የመኪናዋ ሰርቪስ ደርሷል ብሎ ያመነ ሰው መሆን አለበት። አቶ ፍስሐ፣ ሰርቪሷ ደርሶ ነበር?»

«ስንቴ ልንገርሽ? ደርሶ አልፏል።»

«በቀደም ቀን፣ ወይም ከዚያ በፊት፣ ሰው ነክቷት ይሆን?»

«ያለ እኔ ፈቃድ? ማን ደፍሮ!»

«እህ።» ሸዋረገጥ ነጭ መሐረቧን ሳፋው ውስጥ ነክራ አነሣችው። ማር የመሰለ ዘይት እየተንጠባጠበ ከሰው ሰው አዞረችው። «ይሄ የሰነበተ ዘይት ይመስላል? የተቃጠለ ዘይት ጥቁር ነው። ማርቸዲሷ ደሬሳ ከመሞቱ በፊት ሰርቪስ ተደርጋለች። ይህን የሚያውቅ ሰው አዲስ ዘይት አፍስሶ ሬሳ አያጋድምበትም። ስለዚህ የምፈልገው የሚያውቀውን ሰው አይደለም። የማያውቀውን ነው።»

ሸዋረገጥ ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረች።

«እኔ ልናገርላችሁ እችላለሁ። ግን የኔ ቃል ይሄን ሰው ከላንድሮቨሯ አያወርደውም። የናንተ ያወርደዋል። እጁን አይታችኋል። ሁለት ቀን ሙሉ ጣቱን የሰጠው ለናንተ ነው።»

መንበረ መሬት መሬት አየች። ዙቤይዳ ተነሣች።

«ዘይቱን እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። «አባቴ የደበቀው ነበር። ደሬሳ ሐሙስ ቀን መጣና መኪናዋ እየሞተች ነው፣ ያባትሽ መኪና ናት አለኝ። ሰጠሁት።»

«እትዬ መንበረ?»

«ፊልትሮውን እኔ አወጣሁለት» አለች መንበረ በሹክሹክታ። «ያለ ፊርማ። አሮጌውን መልሶልኛል። እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው።»

ሙሐመድሳኒ ሳይጠየቅ ቀጠለ። «እኔ ቀየርኩላት። በግል ጋራዤ፣ ተደብቄ። የወጣው ዘይት ሬንጅ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ሰርቪስ አላየችም። ደሬሳ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጨርሼ እስክዘጋው አልተነሣም፤ ልማዱ ነው። ሲሄድ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ በተለይ እሳቸው፣ ብሎ አስማለኝ።»

«ሰማህ?» አለች ሸዋረገጥ ወደ ፍስሐ ዞራ። አንቱታውን እዚያው ጣለችው። «መኪናዋን በየሁለት ወሩ አዲስ አበባ ስትወስዳት ጋራዥ በራፍ እንኳ አልደረሰችም። የምትወስደው ቡና ነው። ትርፍ ጎማዋን አውጥተህ ቦታውን በቡና ሞላኸው፤ ፍሬው ዛሬም አለ። የሰርቪሱ ዋጋ ኪስህ ገባ፣ ቡናው ኬላ አለፈ። ዘይቷ ጭቃ መሆኑን ከደሬሳ አፍ ሰምተሃል፤ ስለዚህ ሰርቪሷ ደርሷል ብለህ እርግጠኛ ነበርክ። ዘይቱ ሲፈስ ቀለሙን አየኸው፤ ግን ጥቁርና ቢጫ ምን እንደሚለይ አታውቅም። ኮፈን የማይከፍት እጅ ነው አልከኝ እኮ። እዚህ ግቢ ውስጥ ሦስቱም ያውቁ ነበር። ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ። ስለሚፈሩህ ደበቁህ፤ ስለደበቁህ ተያዝክ።»

ፍስሐ ወደ ዘለቀ ዞረ። «ጓድ፣ ሰማሃቸው አይደል? ሦስቱም ሌቦች ናቸው! አሲረውብኛል!»

«ደሬሳ ምን አለህ ቅዳሜ?» አለች ሸዋረገጥ። «ቡና አልጭንም አለህ?»

«በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ፊት እናገራለሁ አለኝ!» ብሎ ጮኸ ፍስሐ። «ሾፌር! የሐጂ አሽከር! እኔን!» ከዚያ የተናገረውን ጆሮው ሰማው።

«ሰርቪስ እንዳስደረጋት ግን አልነገረህም» አለች ሸዋረገጥ። «ያንን ቢነግርህ እነዚህን ሦስቱን ታጠፋቸው ነበር። ቁጭ ብሎ አስቦ ነው አፉን የዘጋው። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ መኪናዋን ስትጥልበት ይተነፍስ ነበር።»

ዘለቀ ፍስሐን ለረጅም ጊዜ አየው። ጓደኛሞች ነበሩ፤ ባንድ ጠርሙስ ይጠጡ ነበር። ዘለቀ የሚያስበው ስለ ጠርሙሱ እንዳልሆነ ሸዋረገጥ ከፊቱ አነበበች። ባዶ ወንበር አይቷል፤ ከባዶው ወንበር ስር ደግሞ ማርቸዲስ።

«እሰሩት» አለ።

ፖሊሶቹ ሙሐመድሳኒን ለቀው ፍስሐን ያዙት። የተለቀቀው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ደግሞ ያቺን ልጅ» አለ ዘለቀ በጣቱ ዙቤይዳን እያሳየ። «የተወረሰ ንብረት መደበቅ። ሴትዮዋ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግዳለች፤ ቁልፉን ተቀበሏት። የመካኒኩ ጋራዥ ይታሸግ።»

«ጓድ!» ሸዋረገጥ መሃል ገባች። «እኔ ነኝ ተናገሩ ያልኳቸው!»

«አመሰግናለሁ። አንቺ ገዳይ አምጪ ተባልሽ፤ አመጣሽ። የቀረው የኔ ነው። ወይስ ከነሱ ጋር ቦታ ይፈለግልሽ?»

መንበረ ቁልፎቿን ከአንገቷ አወጣች። የቁልፎቹ ክር ፀጉሯ ላይ ተጠመጠመ፤ ፖሊሱ በጥሶ ወሰደው። ፍስሐንና ዙቤይዳን ባንድ ካቴና አስረው፣ ላንድሮቨሯ ውስጥ ባንድ ወንበር አስቀመጧቸው። ገዳዩና ዘይት የሰጠችው። ልጅቱ ስትሳፈር ወደ ሸዋረገጥ አላየችም። ብታያት ለሸዋረገጥ ይሻላት ነበር።

ጓድ ዘለቀ የማርቸዲሷን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ መኪናዋን ዞራት። ጥቁር ቀለሟን በመዳፉ ዳበሰ።

«እንግዲህ ሰርቪስ ተደርጋለች ማለት ነው?» አለ።

ሳፋው መሃል ላይ ነው፤ ካፖርቱ ጠርዙን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ሁሉም በፊቱ ተነግሯል፤ የሞተሯ ዘይት ከዚያ ሆኖ ያየዋል። ዘለቀ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ የሰማው የፈለጋትን አንዷን ቃል ነው።

ወደ ሙሐመድሳኒ ጎንበስ አለ። «አንተ፣ አንተ እኮ ነህ የሠራሃት። አዲስ አበባ ታደርሰኛለች?»

ሙሐመድሳኒ ሳፋውን አየ። ከዚያ ማርቸዲሷን አየ፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚያውቃትን፣ የእያንዳንዷን ቡሎን ድምፅ የሚለየውን። ከዚያ ሸዋረገጥን አየ።

ሸዋረገጥ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ያቺ አውራ ጣት የምታህል የዘይት መዝጊያ ቡሎን እዚያው አለች። በመዳፏ ጨበጠቻት፤ አላወጣቻትም።

መንበረ የተጎተተ ፀጉሯን አሸች።

«ታደርስዎታለች፣ ጓድ» አለ ሙሐመድሳኒ። «አዲስ ሰርቪስ ናት።»

ዘለቀ ራሱ መሪውን ያዘ። ሞተሯ ባንድ ጊዜ ተነሣች፤ ድሮም ታዛዥ ናት። ላንድሮቨሯ ቀደመች፣ ማርቸዲሷ ተከተለች። ጭቃ ረጭታ ከበሩ ወጥታ በሰርቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ታጠፈች። ድምፅዋ ለጊዜው ለስላሳ ነበር።

«ሰርቦ ትደርሳለች?» ጠየቀች መንበረ።

«አትደርስም።»

«ትሠራለች ግን በኋላ? ትጠገናለች?»

ሙሐመድሳኒ በሸሚዝ የተጠቀለለውን እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተመለከተው።

«እሷም አትጠገንም» አለ።